ሁለት ሰው በአንድ ካፖርት

ቤንግታን ለማወቅ መጀመሪያ ጎጆዋን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ጎጆዋ ደግሞ የእሷ አልነበረችም። የእኛ ነበረች። እኛ ማለት በሊንዴቪክ ባሕር ዳር የምናርስ አምስት ቤተሰቦች ነን። ንጉሡ ለጦር መርከቦቹ ሰው ስለሚፈልግ አምስታችን ተባብረን አንድ መርከበኛ እንቀልባለን። ጎጆ እንሠራለታለን፣ አንዲት ላም የምታኖር ቁራሽ መሬት እንሰጠዋለን፣ ካፖርት እናለብሰዋለን። እሱ በምትኩ የእኛን ወንዶች ከባሕር ያስቀርልናል። በአያቴ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ያኔ ንጉሥ ጦርነት ሲመጣበት መርከብ ይለምናል፣ ጦርነቱ ሲያልቅ ይረሳናል። አሁን ግን ጦርነት ኖረም አልኖረም መርከቦቹ ካርልስክሮና ወደብ ላይ ተገትረው ይበላሉ። አያቴ ራሷ የተወለደችው በዴንማርክ ንጉሥ ሥር ነው፤ አገሩ ወደ ስዊድን ንጉሥ ስለተዛወረ ከወንበሯ ሳትነሣ ስዊድናዊት ሆና ሞተች። «የተቀየረው ቄሱ ጸሎት ላይ የሚጠሩት ስም ነው፤ የሚበሉት ያው የእኛን ዓሣ ነው» ትል ነበር።

ጎጆዋ ስም አላት፤ ቶርስክ ትባላለች። የዓሣ ስም ነው፤ ማን እንዳወጣላት እንጃ። እዚያ የሚገባ መርከበኛ ሁሉ ከገባበት ቀን ጀምሮ ቶርስክ ተብሎ ይጠራል። መርከብ ላይ ያሉት ሹሞች የሁሉንም አባት ስም ሲያነበንቡ መዋል ስለማይፈልጉ አጭር ስም ይወዳሉ። አንዱ ቶርስክ ሲሞት ሌላው ቶርስክ ይገባል፣ ስሙም ጎጆውም ካፖርቱም ይተላለፋል። ቤንግታ የሦስተኛው ቶርስክ የሞንስ ሚስት ነበረች።

ሞንስ ሲያገባት ገና ልጅ እግር ነበረች። ቁመቷ ከዓሣ በርሜል ብዙም አይበልጥም፤ ምላሷ ግን ከማዶ ይሰማል። በረዶው ሲቀልጥ ባሏ ወደ መርከቡ ይሄዳል፤ ባሕሩ በረዶ ሆኖ ሊጋገር ሲል ይመለሳል። በመሃል ያለውን ሁሉ ብቻዋን ትሠራዋለች። ሁለት ሴት ልጆች ወለደች፤ ሁለቱም ሲወለዱ ሞንስ ባሕር ላይ ነበር። ጎጆውን ስለሰጠናት በእኛም እርሻ ላይ ትውላለች። ባሌ ትሩልስ የአምስታችን አለቃ ስለሆነ አንዳንዴ ትኩር ብላ ታየውና፣ «አባ ትሩልስ፣ መርከበኛውን እናንተ ትቀልባላችሁ ይባላል። እኔ የማየው ግን እኔ እናንተን ስቀልብ ነው» ትለዋለች። ትሩልስ ጢሙን ያካል።

ከዴንማርኮች ጋር ጦርነት በነበረበት ዓመት፣ ገብሱ ሊታጨድ ሲል፣ ካፖርቱ ብቻውን መጣ።

እኛ ዘንድ መርዶ የሚመጣው እንዲህ ነው። ካፖርቱ የእኛ ንብረት ነው። ስለዚህ መርከበኛው ሲሞት ሬሳውን ባሕር ውስጥ ይጥሉትና ካፖርቱን አጥበው፣ አጣጥፈው፣ በጋሪ ይልኩልናል። አንገትጌው ውስጥ የጎጆው ስም ስለተሰፋ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃሉ። ሰው እንደ ቅጠል በሚረግፍበት ጦርነት ካፖርት አይጠፋም። ይሄ ነገር ሁሌም ያናድደኛል።

እኔና ትሩልስ ይዘንላት ሄድን። ደጃፏ ላይ ጎመን ትኮተኩታለች። ትሩልስ ክንዱ ላይ ያንጠለጠለውን ስታይ መኮትኮቻው ከእጇ ወደቀ። መጥታ ካፖርቱን ተቀበለችው፣ ፊቷ ላይ አድርጋ አሸተተችው።

«አጥበውታል» አለች።

«አዎ» አልኳት።

«ምነው ባያጥቡት ኖሮ።»

ከዚያ እዚያው ጎመኑ መሃል ተቀመጠች። ልጆቿ መጥተው ከበቧት። አንጀቴን በላችው። እኔም አብሬያት ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ፤ ትሩልስ ጋሪው ዘንድ ሄዶ ጀርባውን ሰጠን።

ዘውዱ ግን ለቅሶ አይጠብቅም። ቦታው ባዶ ሆኖ ከቆየ ከአምስታችን ቤት አንዱን ወንድ ይወስዳሉ። ስለዚህ ገበሬዎቹ ሰው ፈለጉ፣ ጉሜ የሚባል የእርሻ ሠራተኛ አገኙ። ጉሜ እናት አባት የለውም፤ ዕድሜውን ሙሉ በሰው በረት ነው ያደረው፤ የራሱ የሚለው ማንኪያ እንኳ አልነበረውም። ጎጆ እንደሚሰጠው ሲነግሩት «በር አለው?» ብሎ ጠየቀ። ማለ፣ ቶርስክ ተባለ፣ ካፖርቱን ለበሰ። እጅጌው ክርኑ አጠገብ ቀረበት።

አሁን ቤንግታ ጎጆውን መልቀቅ ነበረባት። ወይ ደግሞ በአገራችን እንደተለመደው አዲሱን ሰው ማግባት። ገበሬዎች ይሄን ልማድ ይወዱታል፤ ሰው እንዳያስወጡ፣ መበለትም እንዳይጦሩ ይገላግላቸዋል። ትሩልስ ሊነግራት ሲሄድ ብቻውን ያበላሸዋል ብዬ ተከተልኩት።

«ጉሜ እኮ መጥፎ ልጅ አይደለም» አላት።

«መጥፎ ነው አልወጣኝም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ምንም። የሞንስን ሾርባ በሞንስ ሳህን ለሌላ ቶርስክ እቀዳለሁ። አንተ ስሙ አንድ ስለሆነ ልዩነቱ አይታይህም።»

ትሩልስ ጢሙን አከከ። እሷ ግን ልጆቿን አየች፣ የሚመጣውን ክረምት አሰበች፣ እሺ አለች። ጋብቻው ከመፈጸሙ በፊት በቤተ ክርስቲያን በሦስት ተከታታይ እሑዶች ይታወጃል። አንደኛው እሑድ አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። ቀና ብላ ተቀምጣ ሰማች።

በዚያው ሳምንት እኔና እሷ ደጃችን ላይ ዓሣ በጨው እየደረደርን ሳለ በመንገዱ አንድ ከሲታ ሰው መጣ። ጢሙ አድጓል፤ ብርዱ ሳይምረው በሸሚዝ ብቻ ነው። ለማኝ መስሎኝ ዳቦ ላመጣ ተነሣሁ። ቤንግታ ክንዴን ያዘችኝ።

ሰውዬው በሩ ላይ ቆመ። ሞንስ ነበር።

ቤንግታ ሄዳ በጨውና በዓሣ ደም በተለወሰ እጇ ደረቱን መታችው። ጠንከር አድርጋ ነው የመታችው፤ ሰው መሆኑን ልታረጋግጥ መሰለኝ።

«ካፖርትህ የት አለ?» አለችው።

«ለአንድ ልጅ አውሼው ነበር። ከካልማር ከተማ ለመጣ፣ አብሮን ዘብ ይቆም ለነበረ። ብርድ አንቀጥቅጦት…»

«ሞቷል።»

«ሞተ? ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። አልቅሼለታለሁ እንጂ። እዚያ ጎመኑ መሃል ተቀምጬ፣ ለማላውቀው ለካልማር ልጅ…» ብላ መጨረስ አቃታት፤ ሳቅና ልቅሶ ባንድ ላይ መጣባት። እኔም እንደዚያው። ሞንስ ብቻ ምን እንዳደረገን ሳይገባው ቆሞ ያየናል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ካፖርቱን ባዋሰ ማግሥት ከዴንማርኮች ጋር ተታኮሱ፤ አንድ የዴንማርክ መርከብ ተማረከ፣ ሞንስን ከሌሎች ጋር የተማረከውን መርከብ ከባሕሩ ማዶ ወዳለ ወደብ እንዲያደርስ ላኩት። እዚያ ሲደርስ ትኩሳት ይዞት ወደቀ። ወራት ተኛ። በጓዶቹ ዘንድ ግን ልጁ በተኩሱ ሞቶ ከካፖርቱ ውስጥ የወጣው ሬሳ የቶርስክ ተብሎ ተቆጥሯል፤ በሽተኛውን ደግሞ ማንነቱን የጠየቀው የለም። የእኛም ስህተት ከዚህ የከፋ አልነበረም። ካፖርት ካለ ሰው ይኖራል፣ ካፖርት ብቻውን ከመጣ ሰው የለም ብለን ያደግን ሰዎች ነን።

ቄሱ ሦስተኛውን እሑድ ዝም አሉ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም፤ ገበሬዎቹ ወጥ ቤታችን ተሰበሰቡ። አንድ ጎጆ፣ አንድ ስም፣ አንድ ካፖርት፣ ሁለት ሰው። ጉሜም ካፖርቱን እንደለበሰ መጣ።

«ካፖርቴን ለብሰሃል» አለው ሞንስ።

«ለብሻለሁ። ያጥረኛል።»

«ሚስቴንም ልታገባ ነበር።»

«እሱም እውነት ነው» አለ ጉሜ መሬት መሬት እያየ። «አብረው ነው የሰጡኝ። በእኔ ቦታ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?»

ሞንስ ሊቆጣ አፉን ከፈተና ተወው። «እኔም እንደዚያው ነው የገባሁት፤ ቤት ፍለጋ» አለ።

ከገበሬዎቹ አንዱ ለሹሞቹ እናመልክት ሲል ትሩልስ ጠረጴዛውን መታ። «አብደሃል? ሁለት አሉን ካልናቸው ሁለቱንም ነው የሚወስዱት። ዘውዱ የያዘውን ሰው መልሶ ሲያውቅ አይተሃል?» ሞንስ ለዘውዱ ሞቷል፤ በጸደይ መርከቡ የሚፈልገው አንድ ቶርስክ ነው። ማንኛው እንደሚሄድ ግን ሳይቆርጡ ተበተኑ። ሞንስ ጎጆውም ስሙም የእኔ ነው ይላል፤ ጉሜ ምያለሁ ይላል።

ክረምቱን ሁለቱም ከቤንግታና ከልጆቿ ጋር እዚያችው ጎጆ ከረሙ። ጉሜ በረቱ ውስጥ ከላሟ ጎን ያድራል፤ ጠዋት ገብቶ ገንፎ ይበላል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ ትንሿን ልጅ ትከሻው ላይ አድርጎ ይዞራል። የሰፈሩ ሰው ስቆ ሊሞት ነው። «ቤንግታ ዘንድሮ ቶርስክ በዝቶላታል» ይባላል። እሷም ስትሰማ «ምቀኛ፣ አንቺ ዘንድ አንድም የረባ የለ» ብላ ታልፋለች። እኔ ግን ውስጧን አውቀው ነበር። አንድ ቀን ሱፍ እየባዘትን ሳለ አውጥታ ነገረችኝ።

«እማማ ኤልና፣ ጎጆውን ጉሜ ይውሰደው። ላሟንም ይውሰዳት። ሰውዬውን ይተውልኝ እንጂ።»

«ለሞንስ ነግረሽዋል?»

«ነግሬዋለሁ። ‹የት እንገባለን?› ይለኛል። የእናንተ ጓዳ ውስጥ እንገባለን፣ ገለባ ላይ እንተኛለን፣ ምን ቸገረኝ? አንዴ ቀብሬዋለሁ፣ ሁለተኛ አልችልም። የሚያስፈራኝ ግን እሱ አይደለም።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«አፉ ነው። ዘጠኝ ዓመት በዚያ ስም ጠርተውታል። አሁን እዚህ ሆኖ ጉሜን ‹ቶርስክ› ብለው ሲጠሩት እንኳ ቀድሞ የሚመልሰው እሱ ነው። ሹሙ ሲጠራ ሳያስበው ‹አለሁ› ይላል። ካለ በቃ፣ አለቀ።»

የእኛም ልብ እንደ እሷው ተንጠልጥሎ ነበር።

በረዶው ቀለጠና የቆጠራው ቀን ደረሰ። ከየሰፈሩ የተመለመሉት መርከበኞች በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተሰለፉ። ሹሙ አዲስ ሰው ነበር፤ የቀድሞው በዚያው ውጊያ ሞቷል። ሞንስ ቤት እንዲቀር ብንለምነውም እምቢ አለ። «እንደ ሌባ አልደበቅም» ብሎ ከእኛ ጋር አጥሩ ሥር ቆመ። እግሮቹን መርከብ ላይ እንዳለ ሰው አንፈራጥጧል። ቤንግታ ትንሿን ታቅፋ አጠገቡ ነች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

ሹሙ ስም መጥራት ጀመረ። እያንዳንዱ ስም ሲጠራ አንድ ድምፅ «አለሁ» ይላል። ሞንስ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል።

«ቶርስክ!»

የሞንስ ደረት ተነፋ። አየሁት፤ አፉ ተከፈተ።

«ሞንስ ኡሎፍሰን» አለች ቤንግታ፣ ሰምቼው በማላውቀው ለስላሳ ድምፅ፣ «ልጅህን ያዝልኝ እስቲ።» ልጅቷን እቅፉ ውስጥ ጣለችለት። ሕፃን እንዳይወድቅ ሁለት እጅ ያስፈልጋል፤ ሞንስ ያዛት። ልጅቷም ያገኘችውን ጢም ጨምድዳ ጎተተች። በአባቱ ስም ማንም ከጠራው ስንት ዓመቱ! ወደ ሚስቱ ዞሮ ቀረ።

«አለሁ!» አለ ጉሜ ከሰልፉ።

ሹሙ ቀና ብሎ አየው፤ አጭሩን እጅጌ አየ፤ ከዚያ ዓይኑ ወደ እኛ አለፈ። «ያ እግሩን ያንፈራጠጠው ማነው? መርከብ የሚያውቅ ይመስላል።»

ዋሽቶ የማያውቀው ባሌ ጆሮው ቀላ። «የእኔ አራሽ ነው፣ ጌታው። እርሻው ረግረግ ስለሆነ ነው።»

ሹሙ ቀጣዩን ስም ጠራ። እፎይ ብዬ አጥሩን ተደገፍኩ።

ከመሄዳቸው በፊት ጉሜ ጥቅሉን ይዞ ወደ ቤንግታ መጣ።

«ከጎጆው አትውጡ» አላት። «ባሕሩ ሊጋገር ሲል እመለሳለሁ። ወደ ቤቴ ተመልሼ አላውቅም። ስመለስ ጭስ ይውጣበት።»

ቤንግታ አንገቱን አቅፋ ሳመችው፤ ለዚህ ጫማዋ ጫፍ ላይ መቆም ነበረባት። «በረቱ ውስጥ ያለውን ገለባ እቀይረዋለሁ» አለችው።

«አሁንም ከላሟ ጋር ነኝ ማለት ነው?»

«አንተማ ባለቤቱ ነህ፣ አልጋው ላይ ትተኛለህ። ከላሟ ጋር እኛ ነን።»

ጉሜ ሳቀና ሮጦ ሰልፉን ደረሰበት። ሹሙና መርከበኞቹ በካርልስክሮና መንገድ ከኮረብታው ጀርባ እስኪሰወሩ ቆመን አየናቸው። ሞንስ ልጅቷን እንዳቀፈ ነው፤ ከቆመበት አልተነቃነቀም።

«አልሄድኩም» አለ።

«አዎ» አለች ቤንግታ፣ «አልሄድክም።»