ከቀትር በኋላ የሚናገር ባለሥልጣን

ጅቡቲ ውስጥ ዜና የሚበስለው ከቀትር በኋላ ነው። ጠዋት ከተማው በሙሉ ጫት ይጠብቃል፤ ጫት የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ስሙን እንኳ ብትጠይቀው «ጉዳዩ እየተጣራ ነው» ይላል። ሰባት ሰዓት ላይ ጫቱ ይገባል። አሥር ሰዓት ላይ ያው ሰው ሳይጠየቅ የመሥሪያ ቤቱን ምስጢር ከነአባሪው ይዘረግፈዋል።

እኔ ያኔ እዚያው ሆኜ ለአንድ የአዲስ አበባ ሳምንታዊ ጋዜጣ የሙከራ ዘጋቢ ነበርኩ። ሙከራው ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ዋና አዘጋጁ «አንድ የፊት ገጽ ዜና ይኑርህና ቋሚ አደርግሃለሁ፤ መታወቂያም ይሠራልሃል» ብሎኝ ነበር። ለዚያች መታወቂያ ስል የመን ድረስ ዋኝቼ በተመለስኩ።

ምንጬ የአንድ የወደብ መሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ ጅቡቲያዊ ነው። ድሬዳዋ ስላደገ አማርኛው ከእኔ ይጣፍጣል። አንድ ቀን በርጫ ላይ፣ ምርቃናው ጣራ ሲነካ፣ «አቦ ጻፍ!» አለኝ። «ለኢትዮጵያ ሹፌሮች ዶራሌ ወደብ ላይ የማረፊያ ዳስ እንሠራለን። በሚቀጥለው ወር!»

«ውሃስ?»

«በበረዶ!»

ጻፍኩ፤ ፊት ገጽ ላይ ወጣ። አዘጋጁ ግን «መጀመሪያ ዳሱ ይቁም፤ መታወቂያው ከዚያ» አለኝ። ወሩ አለፈ፤ ሁለተኛውም። ዶራሌ ላይ ከፀሐይ በቀር የቆመ ነገር የለም። ሙቀቱ እንደሆነ የሰውን ጥላ ሳይቀር መኪና ሥር ያስገባል። ወረፋ የሚጠብቅ አንድ ሽበታም ሹፌር ከተሳቢው ሆድ ሥር ብቅ ብሎ ጋዜጣውን አውለበለበልኝ።

«ጋዜጠኛው! እስቲ የጻፍከው ዳስ ውስጥ ግባና ጥራን!»

«ተወው ባክህ» አለ ጓደኛው፣ «በረዶውን እየጫነ ነው።»

በዚያው ሰሞን አዘጋጁ ደወለ። «ሹፌሮች ቢሮዬ ድረስ መጥተው ሰደቡኝ። በዚህ ሳምንት በጽሑፍ ማረጋገጫ ላክ፤ ካልሆነ ማስተባበያ አወጣና እንሰነባበታለን።»

ጠዋት ኃላፊው ዘንድ ሄድኩ። «ማነህ አንተ?» አለኝ። ከሰዓት ሄድኩ። «ወንድሜ! ዳሱ ሁለት ሆኗል፤ ሻወርም ጨምረናል!» ዜና በሁለት ምንጭ ይረጋገጥ ይባላል። እኔም ሁለት ምንጭ ነበረኝ፤ ሁለቱም እሱ ነበር።

በማግሥቱ ልክ አሥር ሰዓት ላይ ሽበታሙን ሹፌርና ሠላሳ ጓደኞቹን አስከትዬ፣ «ዳሱን እንሠራለን» የሚል በፈረንሳይኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ይዤ በርጫው ላይ ደረስኩ። ኃላፊው ሲያየን ተነሥቶ አንድ በአንድ ሳመን። «ወንድሞቼ!» ብሎ ፈረመ፤ ማኅተሙንም ከኪሱ አውጥቶ ሦስት ቦታ ረገጠበት። ጠዋት ሊክድ ቢሞክር ሠላሳ ሰው የፊርማውን ቅጂ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። እኔም ዋናውን ለአዘጋጁ ላክሁ፤ ማስተባበያው ቀረ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አራት የብረት ቋሚ ተተክሎ ሸራ ተወጠረበት። በርሜል ውሃም መጣ፤ በፀሐይ ግሎ ለመፍላት ትንሽ ብቻ የቀረው። በደስታ ሰክሬ «ዳሱ ተሠራ!» የሚል ዜና ላክሁና መታወቂያዬን ጠየቅሁ።

«ይኼን እኮ አውጥተነዋል» አለ አዘጋጁ። «የከረመ ዜና የሚልክ ሰው እንዴት ቋሚ ላድርግ?» ስልኩን ዘጋው።

እግሬን እየጎተትኩ ዶራሌ ሄድኩ። ሽበታሙ ሹፌር ሸራው ሥር ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ።

«አረፍ በል ወንድሜ። ዛሬስ ምን ዋሸህ?»

«የዛሬው እንኳ እውነት ነበር። አናወጣም አሉኝ።»

«ታዲያ እውነት ትልካለህ እንዴ?» አለና ውሃ ቀዳልኝ።