የእትዬ ዘርፌ የሸክላ አጥንቶች

ጳጉሜ ውስጥ ነው፣ በጃንሆይ ጊዜ... ዝናቡ ጋብ ያለ ጠዋት። ከወረታ ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን አንዲት ሴትዮ «ኡኡ! የሰው አጥንት! ኧረ የሰው ያለህ!» እያለች ስትጮህ ሰማሁ። ጩኸቱ የመጣው ከሸክላ ሠሪዋ ከእትዬ ዘርፌ ጓሮ ነው።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ከመንደሩ ሁሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎንደር የሕክምና ትምህርት ጀምሬ በመጀመሪያው ዓመት የአጥንት ፈተና ወደቅሁ። በተለይ የእጅ አንጓ ውስጥ ያሉት ስምንት ጠጠር የሚያካክሉ አጥንቶች ሊያሳብዱኝ ደረሱ። ፈተናው ራሱ ጉድ ነው... እጅህን ከረጢት ውስጥ ታገባለህ፣ ሳታይ አንዱን ትዳስሳለህ፣ ስሙንና የግራ ይሁን የቀኝ ትናገራለህ። መስከረም ላይ ዳግመኛ ከወደቅህ ትሰናበታለህ ተባልኩ።

እውነተኛ አጥንት ተውሼ ክረምቱን ቤት ልለማመድ እንዳልል፣ አባቴ ቄስ ናቸው። «የሙት ዐፅም እቤቴ አይገባም!» ብለው ቁርጡን ነግረውኛል። የያዝኩት ደብተር ላይ የሣልኩትን ሥዕል ብቻ ነበር። ሥዕል ደግሞ አይዳሰስ።

አንድ ቀን እትዬ ዘርፌ ይፋግ ገበያ የምትወስደውን ገንቦ ስታለሳልስ አየኋት። ዓይኗ ሌላ ቦታ ነው፣ ጣቷ ብቻውን ይሠራል። አሃ! አጥንቶቹን በሸክላ ብትሠራልኝስ? አልኩ። ችግሩ መንደሩ እሷን ቡዳ ነው የሚላት። ማሰሮዋን ይገዛታል፣ ቤቷ ግን አይገባም። እኔም እውነቱን ልናገርና፣ ዙሪያዬን አይቼ ነው የገባሁት።

ሥዕሉን ገለባብጣ አየችና መለሰችልኝ። «ይኼ ምን ይነግረኛል? ይልቅ እጅህን ወዲህ በል!»

አንጓዬን ይዛ እስኪያመኝ ጨመቀችው። ቀጥላ የራሷን ዳሰሰች።

«አንተ ልጅ፣ የእኔም ውስጡ እንዲህ ነው?»

«ቆይ እስቲ እሱን» ብዬ ሥዕሉን እንደገና ዘረጋሁላት። ፈተናዬ ነበራ ያስጨነቀኝ!

ስንቱን እጅ፣ ግራም ቀኝም፣ ሠርታ ስንቱን አፈረሰች መሰላችሁ። ከመንደራችን አጠገብ ያለው የቁሐር ሜዳ በሙሉ ውኃ ተኝቶበታል፣ የሚደርቅ ነገር የለም። ከምድጃዋ በላይ ቆጥ ላይ እያሰጣች አደረቀችው። ጳጉሜ ላይ ሲያባራ ኩበት ደርድራ አቃጠለችው። ማሰሮ ልትገዛ የመጣችው ሴትዮ አመዱ ውስጥ ጣት አየች። ኡኡታው ከዚያ ነው እንግዲህ።

ስደርስ ግማሹ መንደር ዱላ ይዟል። «ድሮም ጅብ እየሆነች መቃብር ትቆፍራለች ብለን ነበር!» ይላል አንዱ። እትዬ ዘርፌ ግድግዳዋን ተደግፋ እኔን እኔን ታያለች። የእሱ ነው አላለችም።

አባቴ መስቀላቸውን ይዘው ከተፍ አሉ። ዝም ብል ከእሳቸው ቁጣ እተርፋለሁ... እሷን ግን ይገድሏታል።

«አባባ፣ የእኔ ነው! ሸክላ ነው! እኔ ነኝ ያሠራኋት!»

አባቴ ጎንበስ ብለው አንዱን አነሡና በጣታቸው አንኳኩት። «ሸክላማ ሸክላ ነው» አሉ።

«ሸክላ ከሆነ ይሰበራ!» አለ ባለ ዱላው።

የግራ እጁን አንዷን አጥንት፣ ታንኳ የምትመስለዋን፣ አንሥቼ ድንጋይ ላይ መታኋት። ቀይ ገል ሆና ተበተነች። ዱላው ሁሉ ቀስ እያለ ወረደ። «እኛማ ምን አልን...» እያሉ አንድ ባንድ ሹልክ አሉ። አፉ በይን ያላት አንድ ሰው የለም።

አባቴ ብቻ ቀሩ። አጥንቶቹን አገላብጠው አዩና ወደ እኔ ዞሩ። «የሙት ዐፅም አይግባ አልኩ እንጂ ሸክላ አይግባ መቼ አልኩ? ሰብስብና ግባ፣ አጥና!»

መስከረም ላይ ከረጢቱ ውስጥ እጄን አገባሁ። የመጀመሪያዋ... ያቺው ታንኳ! የሰበርኳት! የቀኟን ሸክላ ስዳስስ ስለሰነበትኩ፣ ይቺ ተቃራኒዋ መሆኗን ጣቴ ነገረኝ። ስሟን በፈረንጅ አፍ ጠራሁና «የግራ!» አልኩ። ፈረንጁ መምህራችን መነጽሩን አውልቆ አየኝ። ከዚያ በኋላ የመጣውንም አንድ አልሳትኩም።

ለጥምቀት አገር ቤት ስመጣ መጀመሪያ የሄድኩት እትዬ ዘርፌ ዘንድ ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ ዙሪያዬን ሳላይ።

«እትዬ፣ አለፍኩ!»

«እሰይ! እደግ! ተመንደግ!» አለችና እጇን ዘረጋችልኝ። «ያን ቀን የጠየቅኩህን ግን አልመለስክልኝም። የእኔም ውስጡ ያው ነው?»

አፈርኩ። አንጓዋን ይዤ ስምንቱንም አንድ ባንድ ዳሰስኩ። «ያው ነው እትዬ። የጎደለም የተረፈም የለም።»

«እንግዲያ ለእነሱም ንገርልኛ!» አለችኝ ወደ መንደሩ እያመለከተች።

ይኸው... ጡረታ ወጥቼም እየነገርኩላት ነው።