የእኅቴ የየሺ እግር

በሠላሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ክረምቱ በሰኔ መግቢያ ጀመረ፤ እስከ መስከረም አጋማሽም ፀሐይን ጠግበን አላየንም። ልጅ ሳለሁ ካለፉት ክረምቶች ሁሉ ያንን አልረሳውም። ቤታችን ከድብ ባሕር ወጣ ብሎ በተዳፋት ላይ ነበር። መሬቱ ቀይ ነው፤ ሲዘንብ እግር ይይዛል፣ ሲደርቅ እንደ ዱቄት በጣቶች መካከል ይገባል።

የእናቴ ታላቅ ወንድም አያ ቢያድግ ሲራራ ነጋዴ ነበር። በቅሎ እየነዳ በጎንደርና በመተማ መካከል ሲመላለስ ይባጅና ወንዞች ሲሞሉ እኛ ዘንድ ይከርማል። ተረት አዋቂ ነው፤ ነገር ግን ተረቱን በነጻ አይሰጥም። ያኔ በአገራችን ማታ እግሩ የሚታጠበው እንግዳ ነው፤ የቤት ልጅ ጎንበስ ብሎ ያጥባል፣ እንግዳው ይመርቃል። አያ ቢያድግ ይህን ገለበጠው። እራት ተበልቶ፣ ኩራዙ በርቶ፣ ጭሱ ወደ ጣራው ሲወጣ፣ ገበቴውን ወደ ምድጃው ያስጠጋና ለብ ያለ ውኃ ያስሞላል፤ ከዚያ እሱ እንግዳው የእኛን የልጆቹን እግር ተራ በተራ ያጥባል። እግሩን ያላሳየ ተረት አይሰማም።

በአንገቱ ባንጠለጠለው ወረንጦ እሾህ ያወጣል። የተሰነጠቀ ተረከዝ ሲያገኝ በውኃ ያለሰልስና በሸካራ ድንጋይ ይፈገፍገዋል፤ ሰምና ቅቤ አቅልጦም ስንጥቁን ይሞላዋል። ጣቶቹ መካከል ጭቃ የበላውን በደረቅ ጨርቅ እየጠረገ «እርጥብ አታሳድረው» ይላል። የእግር ጥፍራችንን ጥጉን አዙረን እንዳንቆርጥ፣ ሥጋ ውስጥ እንደሚበቅል ያስተማረንም እሱ ነው።

አንድ ማታ የእኔን ተረከዝ ወደ እሳቱ አዞረና «ይህ እግር ነው ወይስ እርሻ?» አለኝ። «ገብስ ቢዘሩበት ይይዛል።»

ታላቅ እኅቴ የሺ ግን ወደ ገበቴው አትቀርብም ነበር። ከጎታው ሥር ተቀምጣ ቀሚሷን እግሯ ላይ ጥላ ተረቱን ከሩቅ ትሰማለች። ያኔ ለወንዝ ማዶው ለአያ ተገኝ ልጅ ታጭታ ነበር፤ ሠርጉም ከጥምቀት በኋላ ነው። አያ ቢያድግ «ሙሽራዋስ?» ሲል እናቴ ቶሎ ብላ «ታጭታ ሳለ እግሯን ልትዘረጋ ነው እንዴ?» ትለዋለች። እኛም ጨዋነት መሰለን።

ነሐሴ ውስጥ አያ ቢያድግ የመሪዋን በቅሎ ተረት አወራልን። በቅሎዋ ከቅፍለቱ ሁሉ ፊት ትሄዳለች፤ ቃጭሉም በአንገቷ ነው። አንድ ቀን በኮቴዋ ስንጥቅ ጠጠር ገባ። ካነከስኩ ቃጭሉን ያወልቁብኛል ብላ ሕመሟን ዋጠችው፤ ጌታዋ ኮቴዋን ሊያይ ሲመጣም ትራገጣለች። ሌሎቹ በቅሎዎች ኩራቷን አደነቁ። ወንዙ መሻገሪያ ስትደርስ ግን እግሯ ከዳትና ወደቀች። ጌታዋ እየጎተተ ኮቴዋን ቢያነሣ ጠጠሩን አየው። «ምነው?» አላት፤ «በጥፍሬ አወጣልሽ ነበር እኮ።» ወዲያው ደራሽ ጎርፍ መጥቶ ከእጁ ወሰዳት።

ተረቱ ሲያበቃ የሺ ከጎታው ሥር ተነሥታ መጣች፤ ከገበቴው አጠገብ ቆማ ቀሚሷን እስከ ቅልጥሟ ሰበሰበችው።

«አያ፣ የእኔንም እይልኝ» አለች።

በፍሙ ብርሃን አየሁት። የግራ እግሯ ከጣቶቿ እስከ ቅልጥሟ አብጧል፤ ቁርጭምጭሚቷ የለም፤ የጣቶቿ ቆዳ ሻክሯል። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ገደልሽን!» ብላ ጮኸች። ዝሆኔ ነው። በዘር ይወርዳል ስለሚባል ዝሆኔ ለገባበት ቤት ልጅ አይሰጡም፣ ከዚያም ልጅ አይወስዱም። ወሬው ከወጣ የየሺ ሠርግ ይፈርሳል፤ ለእኛ ለታናናሾቿም ይተርፋል። ለዚህ ሲሉ እናትና ልጅ ደብቀውታል። የሺ ሰው እንዳያያት ከልጃገረዶች ጋር ወንዝ ወርዳ መታጠብ ትታለች፤ የቀን ጭቃዋን ከነእግሯ በጨርቅ ጠፍራ ታሳድራለች። ሲደብቁት በሽታውን እየቀለቡት ነበር።

አያ ቢያድግ እብጠቱን በአውራ ጣቱ ተጫነው። ጉድጓዱ ቶሎ አልሞላም።

«ጠዋት ስትነሺ ይጎድላል?»

«ትንሽ ይጎድላል። ማታ ያቃጥለኛል።»

«እንግዲያ ገና ጅምሩ ነው። እንዲህ ያለውን ጎንደር ሐኪም ቤት ሲያክሙት አይቻለሁ። ሥራ ነው እንጂ ተአምር የለውም።»

ሥራም ነበር። ጠዋትና ማታ በሳሙና መታጠብ፣ የጣቶቿን መካከል አንድ ሳይቀር ማድረቅ፣ ጨው ያልነካው ቅቤ መቀባት፣ ከጣቷ ጀምሮ ወደ ላይ ሳያጠብቁ በንጹሕ ጥጥ ጨርቅ መጠቅለል፣ ሲተኙ እግርን ከፍ አድርጎ በጆንያ ማስደገፍ። ከሁሉም በላይ ያ ቀይ አፈር እንዳይነካት ጫማ። ዝናቡ ሲያባራ አያ ቢያድግ ከማኪና ጎማ የተቆረጠ ጫማ ከጎንደር አመጣላት። የሺ ያንን ተጫምታ ውኃ ስትቀዳ አንዲት ጎረቤታችን «መንገድ ልቀቁ፣ የሹም ሚስት መጣች!» አለች። የሺም «ሹመቱ ካማረሽ ጎማው ሞልቷል» ብላ እንስራዋን አዝላ አለፈች።

አባቴ ቃል የሚወጣው ሰው አልነበረም። የሺ እግሯን ባሳየች በማግስቱ ግን በትሩን አነሣ። እናቴ ወዴት እንደሚሄድ ገብቷት በሩ ላይ ያዘችው።

«ለአያ ተገኝ ልትነግር ነው? ልጅህን ልታዋርድ?»

«የታመመ በሬ ደህና ነው ብዬ ገበያ አውጥቼ አላውቅም፤ ልጄንማ እንዴት አድርጌ!» አላትና ሄደ።

ማታ ሲመለስ «እስከ ጥምቀት እንይ ብሏል» አለ።

የሺ አንድም ማታ አልዘለለችም። በአጨዳ ደክማ ስትገባ እንኳ እህል ከመቅመሷ በፊት ገበቴውን ትስባለች። ለጥምቀት መንገድ ላይ እያደርን ወደ ጎንደር በእግራችን ስንወርድ ከእኛ ፊት ትሄድ ነበር። ቀሐ ወንዝ ላይ ሕዝቡ ታቦቱን አጅቦ ሲያልፍ እሷ ከልጃገረዶቹ ጋር ገብታ ጨፈረች። አያ ተገኝ ከወዲያ ቆሞ ዓይኑን ከእግሯ አልነቀለም። አያ ቢያድግ ይህን አየና በዚያ ሁሉ ሰው መካከል «አያ ተገኝ፣ ታቦቱ በዚህ በኩል ነው!» ብሎ ጮኸበት። ሰው ሳቀ፤ አያ ተገኝም አፍሮ ሳቀ። እብጠቱ ጨርሶ አልጠፋም፤ ቁርጭምጭሚቷ ግን ወጥቶ ይታይ ነበር።

ሽማግሌዎቹ አያ ተገኝን ይዘው በሳምንቱ መጡ። እንደ ልማዱ ለሙሽሮቹ ስለሚሰጠው ከብት ሊነጋገሩ ሲሉ አባቴ አቋረጣቸው። «ከብቱ ይቆየን። ጠዋትና ማታ እግሯን የምትታጠብበትን ውኃ ማንም እንዳይቆጥርባት፤ ጫማዋንም ማንም እንዳያስወልቃት። ይህን ማሉልኝ።» አያ ተገኝም ማለ። አባቴ ያን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ በልጅነቴ እንደዚያ ቀን በአባቴ ኮርቼ አላውቅም።

የሺ ወልዳ ከብዳለች፤ እስከ ዛሬም ቀጥ ብላ ትሄዳለች። እኔ ተረት አልችልም። የቄስ ትምህርት ቤት ጥቂት ዓመት ተቀምጬ ለእርሻ ተመለስኩ፤ አባቴንም በዝምታው መሰልኩት። ልጆቼ ተረት ሲያምራቸው አክስታቸው ዘንድ ይሄዳሉ፤ እግራቸው ታጥቦ፣ ጥፍራቸው ተቆርጦ ይመለሳሉ።

አምና ትልቋን ልጄን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች መጡ። ልጄ ጤነኛ ናት፤ እግሯም ምንም የለውም። ይሁን እንጂ ከከብቱ በፊት ውኃውንና ጫማውን ጠየቅሁ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ስቀው እስኪጨርሱ ጠበቅሁና ደገምኩላቸው።