የዓፊያ የእግር መንገድ

ከሚሴ ከተማ ጫፍ ላይ፣ የማሽላው እርሻ ወደ ቦርከና ወንዝ ከሚወርድበት በኩል፣ በድሩ የሚባል ገመድ ጣይ አለ። ሥራው መሬት መለካት ነው። ወንድማማቾች የአባታቸውን እርሻ ሲካፈሉ፣ ጎረቤት ከጎረቤት በድንበር ሲጣላ፣ ገመዱን ትከሻው ላይ ጠምጥሞ ይመጣል፤ ይለካል፣ ችካል ይተክላል፣ ነገሩ ያልቃል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሱ የተከለውን ችካል የነቀለ ሰው የለም። ዛሬ መሣሪያ የያዘ ባለሙያ ሞልቷል፤ አልንቀውም። ግን በዚያ ሰፈር ሰው ካርታውን ገልብጦ አይቶ ሲያበቃ ዞሮ «በድሩስ ምን አለ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። «ነበር» ማለቴን ልብ በሉልኝ።

ሚስቱ ዓፊያ ወጌሻ ናት። የወለቀ ክንድ ትመልሳለች፣ የተቀጨ ወገብ ታሻለች። ዓይኗ ከጠፋ አሥራ አንድ ዓመት አልፏል። ያኔ ደሴ ወስዷት ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ ዘግይታችኋል ብሎ መለሳቸው። ሁለት ወር ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። በሦስተኛው ወር ተነሥታ ዱላዋን አነሣችና ወጣች።

ከደጇ የሚነሣ፣ እርሻዎቹን አቋርጦ እስከ ወፍጮ ቤቱና እስከ መስጊዱ የሚዘልቅ ቀጭን የእግር መንገድ ነበር። በቀኝ የቁልቋል አጥር፣ በግራ የውሃ ቦይ። ዓፊያ ዱላዋን ቁልቋሉ ሥር እየጎተተች፣ እርምጃዋን እየቆጠረች፣ የታመመ ሰው ቤት ድረስ ብቻዋን ትሄዳለች። ማንም እጇን እንዲይዛት አትወድም። «የታወረው ዓይኔ ነው፣ እግሬ አይደለም» ትላለች። በድሩ በዕድሜ ብዙ ይበልጣታል፤ ሁልጊዜ የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እኔ ብሞት ማን ይመራታል? ያ መንገድ እስካለ ድረስ መሪ አያስፈልጋትም።

ሙስዐብ የበድሩ የእህት ልጅ ነው። እናቱ በወለደችው ሳምንት አረፈች። በዚያው ወር ዓፊያ የሦስት ወር ልጇን ቀብራ ጡቷ ወተት አግቶ ታቃስት ነበርና ሕፃኑን አምጥተው አስታቀፏት። ሁለት ዓመት ሙሉ አጠባችው። በሸሪዓውም በሰፈሩም ልጇ ነው። «ኢልመ ኮ» እያለች ጠራችው፣ ልጄ ማለቷ ነው፤ እሱም ከእሷ ሌላ እናት አላወቀም። አስተማሩት። የከተማ ፕላን አጥንቶ ተመረቀና መሬት የሚያለማ አንድ ድርጅት ቀጠረው። በምርቃቱ ዕለት በድሩ የተቆለፈ ሳጥን የተከፈተለት ያህል ፊቱ በራ።

ከዚያ ሙስዐብ ትልቅ ጥቅል ወረቀት ይዞ ወደ ሰፈሩ መጣ። ከተማው እየሰፋ ነው፣ እርሻው መቼም አይቀርላችሁም፣ እንዲያው በዘፈቀደ ተቸብችቦ ከሚያልቅ በፕላን ይሰራ አላቸው። ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ ወፍጮው፣ ጉሊቱ፣ ሁሉም ከየቤቱ በእግር የአሥር ደቂቃ መንገድ። መኪናና ባጃጅ በዳር በዳር ይሄዳሉ፤ በመሃል ግን ስምንት ሜትር የሚሰፋ፣ ግራና ቀኙ ዛፍ የሆነ፣ እግረኛ ብቻ የሚሄድበት መንገድ ይኖራል። በወረቀቱ ላይ ጃንጥላ የያዙ ሴቶችና ኳስ የሚያንከባልሉ ሕፃናት ተስለዋል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ያኔ ነበር፤ ግን በሰማይ ያለችው ላም ስትሳል ታምራለች።

ሙስዐብ የዓፊያን ጣት ይዞ በወረቀቱ ላይ ያንን መንገድ ከደጇ እስከ መስጊዱ አስኬደው።

«ይቺ ያንቺ ናት፣ እማ» አላት። «ቁልቋሉ ቢነሳም ዳር ዳሩን የብረት መደገፊያ አስደርግልሻለሁ። በዱላሽ ምትክ እጅሽን እያስነካሽ ትሄጃለሽ።»

ዓፊያ አለቀሰች። በድሩም ወደ ውጭ ወጥቶ አለቀሰ፤ ይህን የማውቀው ራሱ ስለነገረኝ ነው።

መሬታቸው የሚነካው ሰባት አባወራዎች ነበሩ። ሁሉም ወረቀቱን አይተው፣ ሻዩን ጠጥተው፣ እንደ ልማዳቸው በድሩን ጠየቁት። እሱም ገመዱን ይዞ ወረደ፤ ያንን የእግር መንገድ ስምንት ሜትር ከዳር እስከ ዳር ለካው፣ ችካል ተከለለት። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ዱዓ አደረጉ። በዚያ አገር ዱዓ የተደረገበት ነገር ያለቀ ነገር ነው፤ ከዱዓ በኋላ «ቅጂው የታለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንደ ተጠራጣሪ ይታያል። ስለዚህ ማንም አልጠየቀም። ሰባቱም መሬታቸውን ሰጡ፤ በድሩን የነዋሪው ተወካይ አደረጉት።

ከሦስት ወር በኋላ ሙስዐብ በሞተር መጥቶ በድሩን ቦኖ ውሃው ጋ አገኘው። በስብሰባ ለመገኘታችሁ መፈረሚያ ነው፣ ቸኩያለሁ፣ እዚች ጋ ፈርሙልኝ አባ አለው። በድሩ በአንድ እጁ ጀሪካን እንደያዘ በሌላው ፈረመ። የራሱን ልጅ ወረቀት ያነባል እንዴ ሰው?

አንድ ጠዋት ዓፊያ ትከሻዋ የወለቀ ሴት ልታይ ወጣች። ጥቂት ቆይቶ ሁለት የቀን ሠራተኞች አፋፍሰው አመጧት። ልብሷ ጭቃ ነው፣ የግንባሯ ቆዳ ተገሽልጧል፣ ከቅልጥሟ ላይ ደም ይወርዳል። መንገዷ ላይ የመሠረት ጉድጓድ ተቆፍሯል፤ እየቆጠረች ሄዳ ገብታበታለች።

በድሩ ወረደ። ቁልቋሉ ተነቅሏል፣ ችካሎቹ የሉም፣ ስምንት ሜትሩ ከዳር እስከ ዳር ተቆፍሮ የሱቅ መሠረት ወጥቶለታል። ፎርማኑን ማን አዘዘህ ሲለው ፕላን ነው ብሎ አሳየው። የከተማው መሬት ቢሮ ሄደ። ጸሐፊዋ፣ ሳሚያ የምትባል ትሁት ልጅ፣ ፋይሉን አውጥታ አነበበችለት። በነዋሪው ተወካይ ጥያቄ የእግረኛ መንገዱ ወደ ንግድ ቦታ ይቀየር ይላል። ከሥሩ የበድሩ ፊርማ አለ። ከፊርማው ቀጥሎ ያለው ገጽ የሱቆቹ ባለቤቶች ዝርዝር ነው፤ የማዕዘኑ ሱቅ በሙስዐብ ስም ነው።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል። በድሩ ደግማ እንድታነብለት ለመናት። እሷም ደንግጣ ነበርና አንድ ነገር ነገረችው። ተወካዩ ተታሎ እንደፈረመ ሽማግሌዎቹ ጽፈው ካረጋገጡ በአሥር ቀን ውስጥ ግንባታው ይታገዳል፣ የእግር መንገዱም ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ከአሥር ቀን በኋላ ግን ካርታው ይጸድቃል፤ ያኔ ማንም አይመልሰውም።

ሙስዐብ አልካደም፤ ለበድሩ ብቻ ማለት ነው። ቤቱ ሄዶ ሲጠይቀው ባለሀብቱ ያለ ሱቅ አልገነባም ብሎ አስጨነቀኝ፣ የእግር መንገድ ገቢ አያመጣም፣ እኔም አለቃ አለብኝ አለው። ለእማ ባጃጅ እኮናተርላታለሁ፣ እንዲያውም ከመድከም ትድናለች አለ። አብሽሩ አባ አለና ጫማውን አቀረበለት። ባጃጅ! ሴትዮዋ የፈለገችው እኮ በገዛ እግሯ መሄድ ነው።

ወሬው ሰፈሩን ሞላው። አብዱሰላም የሚባለው ጎረቤቱ፣ ከሁሉም የሚበልጥ መሬት የሰጠ፣ በድሩን መስጊድ ደጃፍ ላይ አቆመው። ቃሉን አምነን ሰጠን፣ እሱ ከልጁ ጋር ተስማምቶ ሸጠን እያለ ለሰው ሁሉ ይናገር ነበር። ስለዚህ በዘጠነኛው ቀን ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ፊት የተቀመጠው ሸህ አብዱልጀባር ነው፤ ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላው፣ ዓፊያም ግንባሯን ጠቅልላ ከእህቷ ከአሻ ጎን ተቀምጣለች።

«በድሩ፣ ዱጋውን ንገረን፣ እውነቱን» አለ አብዱሰላም። «ሸጥከን ወይስ ተታለልክ?»

በድሩ የስብሰባ መገኘት ነው ተብዬ ነው የፈረምኩት አለ። ሸህ አብዱልጀባር ወደ ሙስዐብ ዞረ። ሙስዐብ ተነሥቶ፣ ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ፣ አባ አንብበው ነው የፈረሙት አለ። ሰው አጉረመረመ። ሸህ አብዱልጀባር ቁርአን ይምጣ፣ ይማልበት አለ፤ የሚጻፈውም እሱ ባለው ነው። ሁሉም ያውቃል፤ በዚያ አገር ሰው በሽማግሌ ፊት ከዋሸ ሰው ይቀየመዋል፣ በቁርአን ከዋሸ ግን ሰባት ቤቱ ይጠፋል። ስለዚህ ብዙዎች እዚህ ጋ ሲደርሱ ይሰበራሉ፣ እውነቱን ያወጣሉ። ለዚህ ነው መሐላ የሚጠራው።

ሙስዐብ አልተሰበረም። እጁን ዘረጋ።

በድሩ ያ እጅ ሲዘረጋ አየ። ያጠባችውን ሴት መንገድ የሸጠ እጅ ነው፤ ግን እየዳኸ የበድሩን ጉልበት ይዞ የተነሣበትም እጅ ነው። ልጁ ሊምል ነው። በሐሰት ምሎ ራሱንም የሚወልዳቸውንም ሊያጠፋ ነው። ደግሞ በልቡ ሌላ ሐሳብ መጣበት፤ ከመሐላው ባድነው ያፍራል፣ ራሱ ይናገራል ብሎ አሰበ። ይህ የዚያ አገር ሰው ስሕተት ነው፤ ለሰው ገበናውን ስትሸፍንለት ሰውየው ሐቁን ይገልጥልሃል ብሎ ማመን።

«ተዉ፣ አታስምሉት» አለ ተነሥቶ። «ፊርማው የኔ ነው። ፈርሜያለሁ።»

ቁርአኑን የያዘው ሰው ቆመ። በድሩ ቀና ብሎ ሙስዐብን ጠበቀ። ሰዉም ጠበቀ። ሙስዐብ እጁን ቀስ ብሎ መለሰና ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው።

«አባ እንዳሉት ነው» አለ።

ሸህ አብዱልጀባር ቁርአኑ ይመለስ አለ። ከዚያ ተወካዩ አውቆ ፈርሟል ተብሎ ተጻፈ። ከሰባቱ አንዳቸውም በድሩን ሰላም ሳይሉ ተበተኑ። በማግስቱ አሥረኛው ቀን አለቀ፣ ካርታው ጸደቀ።

በድሩ እስከ ዛሬ እጄ አመድ አፋሽ ነው ይላል። ልጅ አሳደግኩ፣ ከገሃነም አወጣሁት፣ እሱ ግን ሸጠኝ ይላል። እውነቱን ነው፣ እኔም አዝንለታለሁ። ስለዓፊያ ስጠይቀው ግን ወሬውን ወደ ሙስዐብ ይመልሰዋል። ዓፊያ በዚያ ቀን ከሽማግሌዎቹ ፊት ስትነሳ አሻ እጇን ይዛ ቤቷ አደረሰቻት። ምግብ ታቀርብለታለች፣ ልብሱን ታጥባለች፣ እሱም ይቅር አለችኝ ብሎ ማሰብ ጀምሮ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሰዒዳ የምትባል ሴት ከሱቆቹ ወዲያ ማዶ መጣች። ባሌ ከጣሪያ ወድቆ ክንዱ ወልቋል፣ መነሳት አልቻለም፣ እባክሽ ድረሽልኝ ብላ ለመነቻት። በድሩ ደስ ብሎት ከመደቡ ተነሣ። ጫማዋን አምጥቶ እግሯ ሥር አስቀመጠላት፣ ክንዱን አቀረበላት፣ በዋናው መንገድ ዞረን እንሄዳለን፣ እኔ እመራሻለሁ አላት።

ዓፊያ አልተነሣችም። ፊቷን ወደ ሰዒዳ ድምፅ አዞረች።

«እኔ መንገድ የለኝም፣ እህቴ» አለቻት፣ ረጋ ብላ። «ልሂድ አልሂድ እሱን ጠይቂው። በእኔ ነገር የሚፈርመው እሱ ነው።»

ሰዒዳ ግራ ገብቷት ወደ በድሩ ዞረች። እሱ ክንዱን እንደዘረጋ ቆሞ ነበር።