መመለሻ ያጣው የዐወድ መብራት

ዐወድን አንድ ተራ ቀን ምን ያስወጣዋል ብትሉኝ ልዘርዝርላችሁ። አንድ ጀሪካን ቤንዚን። ለራዲያተሩ ሁለት ጀሪካን ውኃ፤ አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ። ለመግፋት አራት ጎበዝ፣ ዳገት ከሆነ አምስት። ለእያንዳንዱ ገፊ አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ። ከባለቤቱ ከዓዲላ ጋር አንድ ጠብ በማለዳ፣ ከተሳፋሪ ጋር ሁለት በቀትር። ቢስሚላህ አይቆጠርም፤ ቁልፉን ባዞረ ቁጥር ነው። በ1978 መጨረሻ ላይ ደግሞ በዚህ ሁሉ ላይ ፍርሃት ተጨመረበት።

ዐወድ የአሶሳ ሰው ነው፤ ጎረቤታችን። በአሮጌ ፒካፑ በአሶሳና በባምባሲ መካከል፣ ከዚያም ወደ ሰፋሪዎቹ አምባዎች፣ ጨውና ሳሙና፣ ሰውና ዶሮ ያመላልሳል። እኔ ባለቤቴን ተከትዬ ከነጆ ከተማ የመጣሁ፣ ልጅ ስወልድ ትምህርቴን ከዐሥራ አንደኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ነኝ። የሁለታችንም አማርኛ ከሌላ ቋንቋ በኋላ የመጣ ነው። ዐወድ ወንዱንም ሴቱንም፣ ፍየሉንም መኪናውንም «አንተ» ነው የሚለው፤ በሰፈራችን በዚህ የሚከፋ የለም።

ነገሩ የጀመረው ከቀርከሃው ነው። የፒካፑ የጭነት ሳጥን በዝገት አልቆ አንድ ቀን ከነሦስት ዶሮው መንገድ ላይ ወልቆ ቀረ። ብረት ከየት ይምጣ? የዓዲላ ወንድም ኻሚስ ግን ቀርከሃ ሲሠራ እጁ ይባረክ የሚባልለት ሰው ነው። በአራት ቀን አዲስ ሳጥን ሠርቶ ገጠመለት። አልጋ እንጂ የዕቃ መጫኛ አይመስልም ነበር። ሁለቱን የኋላ መብራቶችም እንደ ጉትቻ ግራና ቀኝ ቀርከሃው ላይ ሰካቸው።

ከዚያ ወዲያ መብራቶቹ አመል አወጡ። ሲበሩ አመድ የሸፈነው ፍም ይመስላሉ። ፍሬን ሲረገጥ ሊደምቁ ሲገባ ጭራሽ ይጠፋሉ። የቀኙ ፍሬቻ ሲበራ የግራውም አብሮ ይጠቅሳል። ከወሎ መጥቶ ከአምባዎቹ በአንዱ የሰፈረው ፈንታ፣ ከገፊዎቹ ሁሉ ቀልደኛው፣ «ዐወድ፣ ይቺ መኪናህ ወዴት እንደምትታጠፍ ራሷም አልቆረጠችም» ይለው ነበር።

ቀልዱ ያበቃው አንድ ምሽት የእህል ካሚዮን ከኋላ ሊወጣበት ለጥቂት ሲተርፍ ነው። ኬላው ላይ የነበረው ትራፊክ፣ ሃምሳ አለቃ ገረሱ፣ በዓይኑ አይቶ አስቆመው።

«ቅዳሜ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እዚሁ ታሳየኛለህ። ካልበራ ታርጋህን እፈታለሁ።»

ታርጋው ተፈታ ማለት የዐወድ ቤት፣ ስድስት ነፍስ ያለበት፣ ቆመ ማለት ነው። ሰኞ አምፖል ቀየረ፤ ያው። ማክሰኞ ባትሪ ተውሶ ሞከረ፤ ያው። ሐሙስ ምሽት ተስፋ ቆርጦ ፋኖስ በቀይ ጨርቅ ሸፍኖ ከቀርከሃው ጀርባ ሰቀለ። ብዙም ሳይሄዱ፣ ከኋላ ከዶሮዎቹ ጋር የተቀመጠው ፈንታ ጣራውን ደበደበ።

«ዐወድ! በራ! በራልህ!»

«አልሐምዱሊላህ! በደንብ ይበራል?»

«ኧረ እጅግ በራ! ውኃ አምጣ!»

ለመመለሻ የተያዘው ጀሪካን እዚያው አለቀ።

ዓርብ ጠዋት ዐወድ፣ አንድ ጥጉ የተለበለበ ፒካፑን ደጃችን አቁሞ ገባ። ፈንታም ተከትሎት ነበር።

«ብሪቱ እህቴ፣ አንተ ተምሯል። ይህ መብራት ምን ነካው?»

ልጄን አዝዬ መኪናው ሥር አጎነበስኩ። ፊዚክስ ላይ የተማርኩት ትዝ አለኝ፦ ኤሌክትሪክ ከባትሪው በሽቦ ይሄዳል፤ አምፖሉን አብርቶ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው ይመለሳል። የድሮው ሳጥን ብረት ስለነበር መመለሻ ነበረው። አሁን ግን መብራቶቹን ከታችኛው ብረት፣ ከሻንሲው ጋር የሚያገናኛቸው ኻሚስ ቀርከሃውን ያሰረበት አንድ የዛገ ቀጭን ሽቦ ብቻ ነው።

«መሄጃ አለው፤ መመለሻው ነው የጠፋው» አልኳቸው።

ፈንታ ሳቀ። «እንደ እኛ እንደ ሰፋሪዎቹ በይዋ! እኛንም አምጥተው እዚህ አራገፉን፤ መመለሻውን ማን ነገረን? ታዲያ ፈዘዝን ብላችሁ ትፈርዱብናላችሁ?»

ሳቅን፤ ግን ዞር ብዬ አየሁት፤ እሱ ሳቁን ቶሎ ጨርሷል።

ያን ሰሞን ሱቅ ውስጥ ሽቦ አልተገኘም። የልጄን ጨርቆች አወረድኩና የልብስ ማስጫዬን ሽቦ በፒንሳ ቆረጥኩ። አንዱን ጫፍ የመብራቱ ብረት ላይ፣ ሌላውን ሻንሲው ላይ አጥብቄ ፈትጌ ስይዘው፣ መብራቱ ቦግ አለ። ዐወድ ወደ ኋላ ተፈናጠረ።

ይሄኔ ኻሚስ ደረሰ። «ቀርከሃዬ ምን አጠፋ?»

«ምንም። ኤሌክትሪክ አያሳልፍም እንጂ።»

«ላሟንም ዝናቡንም የማያሳልፍ አድርጌ ነው የሠራሁት!» አለ ኮርቶ። ሽቦው ውበቱን እንዳያበላሽበት ራሱ በቀርከሃው መካከል ሸሽጎ አሳልፎ ሻንሲው ላይ በቡሎን አሰረው። አበራነው። ፍም። ያው አመድ የሸፈነው ፍም!

ዐወድ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እኔ ግን ተስፋ መቁረጥ አልወድም፤ እንደገና አጎነበስኩ። ለካ ዐወድ ለአብዮት በዓል ሰልፍ ፒካፑን ከጣራ እስከ ሻንሲ አረንጓዴ ቀብቶት ኖሯል፤ ኻሚስም ቡሎኑን ያሰረው በዚያ ወፍራም ቀለም ላይ ነው።

«ቀለሙ መላጥ አለበት።»

«ወላሂ አይሆንም! ሦስት ጣሳ ጠጥቷል!»

«ታርጋውስ?»

ፊቱን አዞረ። «ላጥ። እኔ ግን አላይም።»

በቢላዋና በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ ብር እስኪመስል ፋቅሁት፤ ሽቦው ከታሰረ በኋላም እንዳይዝግ ግራሶ ቀባሁት።

ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሁላችንም ኬላው ላይ ተገኘን። ገረሱ ከኋላ ቆመ።

«ፍሬን!»

የገረሱ ቀበቶ ዘለበት እንኳ በብርሃኑ ቀይ ሆነ።

«ቀኝ ፍሬቻ! ግራ! በቃ፣ አልፈሃል፣ ሂድ።»

ዐወድ ግን አልሄደም። ቤንዚን እንዳያልቅ ሞተሩን አጥፍቶ፣ የፍሬኑን መብራት ለማየት ወርዶ ወደ ኋላ ሮጠ። እግሩ ሲነሣ ድምቀቱም ጠፋ። ተመልሶ ረገጠ፤ ደግሞ ወርዶ ሮጠ። በሦስተኛው ገረሱን ለመነው።

«ጌታዬ፣ አንተ ርገጥ፣ እኔ ልይ።»

ሃምሳ አለቃው ግራ ቀኝ አይቶ ገባና ረገጠ። ዐወድ እጆቹን አጣምሮ፣ ልጁን በትምህርት ቤት መድረክ ላይ እንደሚያይ አባት፣ ቆሞ አየ። «ገና ነኝ» እያለ አየ፣ አየ፣ ባትሪው እስኪደክም ድረስ።

መንገዱ ዳገት ነበር። እኔ ልጅ አዝያለሁ፤ ገፊዎቹ አራት ናቸው። አምስተኛው ሃምሳ አለቃ ገረሱ ሆነ። መኪናው ሲነሣ ላቡን ጠረገ፤ እንደ ማንኛውም ገፊ አንድ እፍኝ ኦቾሎኒውን ተቀበለ።

ይህን እንደምጽፍ ስነግረው ዐወድ አንድ ነገር እንዳልረሳ አደራ ብሎኛል። «ሹፌር የኋላውን መብራት አያይም። ስለዚህ ጻፍ፦ ከኋላዬ የሚመጣ ሰው፣ በመኪና ከሆነ አንድ ጊዜ ጡሩምባ ይንፋልኝ፤ በእግር ከሆነ ‹በርቷል!› ብሎ ይጩህልኝ። ጠፍቶ ከሆነ ደግሞ አይሸሽገኝ፤ ቶሎ ይንገረኝ።»

አረንጓዴ ፒካፕ፣ የቀርከሃ ጀርባ፤ አንድ ጥጉ የተለበለበ። አይታችሁ አታልፉት።