ያልተቀመሰው ዳቦ

የሚያፈስ ጣራዬን ስጠግን ከመሰላል አውርደው ወሰዱኝና የባሰ የሚያፈስ የእስር ቤት ጣራ ሥር አስገቡኝ። የመቱ ከተማን የሐምሌ ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል። የእኔ ወንጀል ተማሪ ማነሳሳት ነበር፤ ያውም ትምህርት በተዘጋበት ክረምት! አጠገቤ የሚተኙት የሁሩሙ ሽማግሌ ደግሞ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሰሞን ስብሰባ ጠርተዋል ተብለው ነው የገቡት። ስብሰባ የተባለው፣ ለቅዱስ ኤፍሬም ዝክር ማን ምን ያዋጣ ብለው ከጎረቤት ጋር መቀመጣቸው ነበር።

እኔ ጴንጤ ነኝ፤ ዝክር አይገባኝም። እሳቸው ግን ጎሕ ሳይቀድ ተነስተው ያዜማሉ፤ ቀን ደግሞ ያስተምሩኛል።

"ለእመቤታችን ምስጋና የደረሰ ሶርያዊ ሊቅ እኮ ነው! በስሙ ቀዝቃዛ ውኃ ያጠጣ እንኳ ዋጋ አለው።"

ልጃቸው ታማ ተስለው ድናላቸዋለች። ከዚያ ወዲህ ዝክሩን አስታጉለው አያውቁም። "ልጄ በሕይወት እያለች ቢታጎል በምን ዓይኔ አያታለሁ?" ይሉኛል።

በዝክሩ ዕለት ሚስታቸው በዝናብ መጡ። በበሩ ስንጥቅ አየናቸው፤ በኮባ የተጋገረ ድፎ ዳቦ ታቅፈዋል። ሽታው ቀድሟቸው ገባ። አብረውን የታሰሩት፣ ጎሬ ሱቅ ያላቸው ሙስሊም ነጋዴ እንኳ ከተኙበት ቀና አሉ።

ዘበኛው አስቆማቸው። ምግብ የሚያስገባ ሰው መጀመሪያ ራሱ መቅመስ አለበት፤ መርዝ እንዳይኖር ነው አሉ።

"አዴ፣ ይቅመሱት።"

"የዝክር ዳቦ ሳይባረክ አይቀመስም፣ ልጄ።"

"ካልቀመሱ አይገባም።"

"እንግዲያው አይገባ" አሉና ዳቦውን ታቅፈው ተመለሱ።

ደሜ ፈላ። "አንድ ጉርሻ እኮ ነው፣ ጋሼ! ቢቀምሱት ምን ነበረበት?"

"የማን ሚስት መሰለችህ?" አሉኝ። እኔ በረሃብ ልሞት፣ እሳቸው ይኮራሉ!

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ቆይቼ ዞር ስል ጋቢያቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገዋል።

"ታጎለ" አሉ።

ይሄኔስ ባሰብኝ። "ቀዝቃዛ ውኃም ይበቃል እያሉ ሲያደነቁሩኝ አልነበር እንዴ?" ብዬ ኩባያዬን አንስቼ ጣራው ከሚያፈስበት ሥር ያዝኩ። እጄ እስኪዝል ቆምኩ፤ ሞላ። ሽማግሌው ተነስተው ጋቢያቸውን አስተካከሉና ባረኩት። ነጋዴው "ቢስሚላህ" ብለው ተጎነጩ። እኔም ጠጣሁ። ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል።

ሽማግሌው ካረፉ ቆይተዋል። ለምን እንደታሰርኩ ዛሬም አልገባኝም፤ ዝክሩም እንደዚያው። ሐምሌ ዐሥራ አምስት ግን በዚያ ሁሉ ጭቃ ሁሩሙ እሄዳለሁ። ዘንድሮ ሚስታቸው እትዬ ድፎውን ፊቴ አስቀመጡና እንደ ዘበኛው ኮስተር አሉ።

"በል፣ ቅመሰው።"

"ሳይባረክ?" አልኳቸው። የምሬን ነው የተቆጣሁት።