ባሕር ማዶ የተፈረደልን መጋዘን

ወልድያ ላይ ጥብቅና በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት የግራና ቀበሌ ገበሬዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ቢሮዬ መጡ። ሽማግሌ ናቸው። በፌስታል የጠቀለሉትን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና፣ «ፈርደውልናል፣ ልጄ። የሚያስፈጽምልን ነው ያጣነው» አሉኝ።

አንድ የውጭ ኩባንያ መርሳ ከተማ ባለው የማኅበሩ መጋዘን ውስጥ የማሾ ማበጠሪያ ማሽን ተክሎ ለዓመታት ሠርቷል። ውሉ ሲያልቅ መጋዘኑን ከነማሽኑ ሊያስረክብ ተስማምቶ ነበር። ጊዜው ሲደርስ ግን በሩን ቆልፎ ዘበኛ አቆመ። ውሉ ጠብ ቢነሳ ባሕር ማዶ ያሉ ገላጋይ ዳኞች ይዩት ስለሚል፣ ማኅበሩ በኢንተርኔት ተከራክሮ ረታ። ኩባንያው ውሳኔውን ከምንም አልቆጠረውም።

ጓደኞቼ «ተዪው፤ የውጭ አገር ውሳኔ እዚህ ማን ይሰማዋል?» አሉኝ። አልተውኩትም። ውሳኔውንና ውሉን ከነትርጉማቸው ወልድያ ለሚቀመጠው የፍርድ ቤት ምድብ ችሎት አቀረብኩ። መዝገብ ቤቱ የትርጉሙ ሁለት ገጾች ማኅተም የላቸውም ብሎ መለሰኝ። አስመትቼ በማግስቱ ተመለስኩ።

በቀጠሮው ቀን የኩባንያው ጠበቃ ተነሳ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ እነዚህ ምስኪን ገበሬዎች በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ውል ሳይረዱ ነው የፈረሙት። ስለዚህ የግልግል ስምምነቱ ፈራሽ ነው» አለ።

ደሜ ፈላ። ያዘነልን መስሎ የረታነውን ሊነጥቀን ነው። አፌን ሳልከፍት ሽማግሌው ቆመው ነበር።

«ይናገሩ፣ አባት፤ በአጭሩ» አሉ ሰብሳቢዋ ዳኛ።

«ከመፈረማችን በፊት ሁለት ጁምዓ ከሶላት በኋላ መስጊድ ደጅ ተቀምጠን፣ አስተማሪ ጠርተን በአማርኛ አስነበብነው። ሦስት ቦታ አስቀይረናል። የገላጋዮቹን አንቀጽ ያስገቡት ራሳቸው ናቸው፤ አንዱን እኛ፣ አንዱን እነሱ፣ ሦስተኛውን ሁለቱ ይመርጣሉ ይላል። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አልደብቅም። አልገባህም ሲሉኝ ግን ወላሂ አልቀበልም!»

ዳኛዋ ወደ ጠበቃው ዞሩ። «ይህን መቃወሚያ ገላጋዮቹ ፊት አንስታችሁ ነበር?»

«አላነሳንም፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

እኔም ተነሳሁ። «ይህ ችሎት ክርክሩን እንደ አዲስ አይሰማም። ሕጉ ከዘረዘራቸው መቃወሚያዎች አንዱ መኖሩን ብቻ ነው የሚያየው። ያቀረቡት አንዱ ደግሞ ገላጋዮቹ ፊት ያላነሱት፣ ማስረጃም የሌለው ነው» አልኩ።

ውሳኔው እንደ አገራችን ፍርድ ይፈጸም ተባለ።

ከአፈጻጸም ሠራተኛውና ከፖሊስ ጋር መርሳ ስንደርስ ዘበኛው አልከፍትም አለ። ሽማግሌው ትእዛዙን አሳዩት። «ባንተ ቂም የለንም። ዞር በል» አሉት። ቁልፉ ተቆረጠ። ገብተን ስናይ የማሽኑ ሞተር ተነቅሎ ተወስዷል።

በንዴት አለቀስኩ። ሽማግሌው ባዶውን ቦታ ዐይተው፣ «ነገ ሌላ አቤቱታ ጻፊ» አሉኝ። ጻፍኩ። የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ራሱ ቀርቦ ያስረዳ፣ ካልቀረበ ታስሮ ይምጣ የሚል ትእዛዝ ወጣ። ቀጠሮው ሳይደርስ አንድ ፒክአፕ ሞተሩን መጋዘኑ በር ላይ አራግፎ ሄደ።

ማሽኑ ዘንድሮ የማኅበሩን ማሾ ያበጥራል። በቅርቡ የሌላ ቀበሌ ገበሬዎች ከአንድ ኩባንያ የመጣላቸውን ውል ይዘው ሽማግሌውን ሊያማክሩ መጡ። እኔም ነበርኩ። ሽማግሌው አስነብበው እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ ይኸኛውም ጠብ ቢነሳ ገላጋዮቹ ባሕር ማዶ ናቸው ይላል።

«አትፈርሙ» አሏቸው። «ገላጋዮቹ እዚሁ ወልድያ ይቀመጡ በሏቸው።»